ከዳባት ኮኪት፦ በወፍጮው ውሃ ላይ የታየው ዘይት

ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ «ቆላው እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ልጅሽስ?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ስደግም ግማሹን እየረሳሁ፣ ግማሹን እያጋነንኩ መሆኔን ታዘብኩ። ስለዚህ እንደሄድኩበት አካሄድ ልጻፈው አልኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል።

ልጄ ብርቱካን ከባሏ ከፈንታሁን ጋር ኮኪት አጠገብ የእህል ወፍጮ አላት። ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። እዚያ ሳሉግ ይሏቸዋል። የእርሻ ባለቤቶች ለእነሱ ስንቅ የሚሆን ማሽላ በጆንያ እያመጡ ያስፈጫሉ። ወፍጮው ልጄንና ባሏን ዓመቱን ሙሉ የሚያኖራቸው በዚያ ወቅት በሚሠራው ሥራ ነው።

በዚያው ወቅት መካከል ብርቱካን ደወለች። «እማዬ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ ዘይት ገባ። ሞተሩም እየጋለ አስቸገረን፤ አቆምነው» አለችኝ። ጎንደር ያለ መካኒክ በስልክ ጠይቀው «ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፤ አዲስ አስመጡ» ብሏቸዋል። ልጄ ዕቃውን ገዝቼ በሹፌር እንድልክላት ነበር የፈለገችው። እኔ ራሴ ይዤው ሄድኩ።

ለምን እንደሄድኩ እውነቱን ልናገር። ዕቃው እንዳይጠፋ ብዬ ብቻ አይደለም። የዚያ አገር ወባ፣ የዚያ መንገድ ወሬ እንቅልፍ ከነሳኝ ቆይቷል። ሞተሩ ከነጭራሹ ከሞተ ልጄ ጓዟን ጠቅልላ ዳባት ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሻንጣዬን ስዘጋ ግን አብሮኝ ነበር።

ሰኞ

ጎንደር የገባሁት ረፋድ ላይ ነው። መለዋወጫ ሻጩ መፋቂያ የነከሰ ወጣት ነው። «የስንት ፈረስ ነው እማማ?» አለኝ።

«ፈረስ አይደለም ልጄ፣ ሞተር ነው» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። የሞተርን ጉልበት በፈረስ እንደሚለኩት ያኔ ነው ያወቅሁት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ፈረስ አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ማን እንዳሰረው እየገረመኝ ቆየሁ።

ብርቱካን የሞተሩን ፎቶ በልጁ ስልክ ላከችለትና ዕቃውን አወጣልኝ። እንደ ካርቶን የሳሳ፣ ጠርዙ መዳብ የተለበጠ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ገበታ ነው። «ይኼ ስስ ነገር ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ሞተር ውስጥ እሳት፣ ውሃና ዘይት አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ይኼ ግድግዳቸው ነው። ግድግዳው ሲቀደድ ይገናኛሉ።»

«ግድግዳው ሳይሆን ቤቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነስ?»

ልጁ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ቴስታው፣ ማለቴ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቆ ከሆነ ይኼም አይጠቅምዎት። እንደዚያ ያለ ሞተር ቴስታው አሁን አይገኝም፤ ለቁራሌው መስጠት ነው።»

ዕቃው እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መካከል አስሮ ሰጠኝ። እኔም በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ያን ቀን ያደርኩት የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው። ሽንብራ አሹቅ እያቀረበች ሙቀቱን አስፈራራችኝ። «ጋቢሽን እዚህ ትተሽ ሂጂ» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ደገኛ ጋቢውን ትቶ የት ይሄዳል?

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ከጎንደር በማለዳ ወጣ። ጥቅሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አይከል የሚወርዱ። ጥቅሉን አየት አደረጉና ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። አፌን ሳልከፍት ነጠላውን ሦስት ጊዜ ተሳለሙት።

«የማን ሥዕል ናት የኔ እናት?» አሉኝ።

«ሥዕል አይደለም አባቴ» አልኩ አፍሬ። «የወፍጮ ሞተር ዕቃ ነው።»

አዛውንቱ ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «በቃ ተሳልሜዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ! ይሥራላችሁ» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩም በመስታወቱ እያየ «አባቴ፣ የኔንም ሞተር ይሳለሙልኝ! ቁልቁለቱ ላይ ያስቸግረኛል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ወደ ጥቅሉ አልተጠጋም፤ ቆመው የሚሄዱትም ክርናቸውን እየሰበሰቡ ያልፉ ነበር።

ከአይከል በኋላ መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮዬ ተደፈነ። ዛፉ ተለወጠ፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ነጣ። መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ በኋላም ካልሲዬን አወለቅሁ። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ አለመኖሯ በጀኝ። በየኬላው ወርደን እንፈተሻለን፤ ሰው ሁሉ ከፊት ከሚመጣው መኪና ሹፌር ፊት ላይ ወሬ ይፈልጋል። «ሰላም ነው?» ይላል የኛ ሹፌር በመስኮት። «ሰላም ነው፣ እለፍ» ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ ይተነፍሳል። እኔ ዳባት ሆኜ ልጄ በዚህ መንገድ ስትመላለስ በሐሳብ አየው የነበረው ከዚህም የባሰ ነበር። ሲያዩት ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ልክ ግን ያገኛል።

ነጋዴ ባሕር የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ከአንድ ቤት አጥር ሥር፣ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። አጥሩ ጥግ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ እንስራ ከነጣሳው ተቀምጧል። ዚር ይሉታል። ባለቤቱን ሳይጠይቅ የፈለገ አላፊ አግዳሚ ቀድቶ ይጠጣል። እኛ ዳባት እንግዳ ውሃ የሚጠጣው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ጠላ ካልጠጣህ ተብሎ ተለምኖ ነው። እዚህ ውሃው ራሱ ደጅ ወጥቶ ሰው ይጠብቃል። ቀዝቃዛነቱ የምንጭ ውሃ ይመስል ነበር። የቤቲቱ እመቤት ብቅ ብላ ስታየኝ ፊቴ ቀልቶ ኖሮ ሳትጠይቀኝ እርጥብ ፎጣ አምጥታ አናቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

ገንዳ ውሃ ስንደርስ ቀኑ መሽቷል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰዓት መሄድ እንደማይመከር ነገሩኝና አንዲት አልጋ አከራይ ቤት ገባሁ። አልጋው ግቢው መካከል፣ ሰማይ ሥር ነው። አንገረብ ይባላል፤ በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ። «ልጄ፣ በር ያለው ክፍል ስጪኝ» አልኳት።

«እማማ፣ ክፍሉ ውስጥ ካደሩ ነገ የተቀቀለ ድንች ሆነው ነው የሚወጡት» አለችኝ።

አጎበር አጥብቃ ወጠረችልኝ። ጥቅሉን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ዳባት በር ሳልቀረቅር አድሬ አላውቅም።

ረቡዕ

በሚኒባስ ኮኪት ደረስኩ። ፈንታሁን በባጃጅ ተቀበለኝ። ወፍጮ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ ይኼኛው ዝም ብሎ ነበር። ደጁ ላይ የማሽላ ጆንያ ተደርድሯል፤ ጆንያዎቹ ላይ ሁለት ሳሉጎች ተጋድመው ያንቀላፋሉ።

ብርቱካን አቅፋ ሳመችኝ፤ ቀለም የተቀባ ይመስል ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ነው። ከስታለች። «ዕቃው አልታጠፈም?» አለች ገና እንባዬን ሳልጠርግ።

ሞተሩን አሳየችኝ። ከሞተሩ ጎን ክዳን የሌለው ትልቅ በርሜል ቆሟል። ሁለት ቱቦዎች ያገናኟቸዋል። ከላይኛው ቱቦ ሙቅ ውሃ ከሞተሩ ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል፤ ከታችኛው ደግሞ የቀዘቀዘው ተመልሶ ይገባል። ገፊ የለውም፤ ሙቁ ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች። ወጥ ስንሠራ ድስት ውስጥ የሚዞረው ዓይነት ነው። ወደ በርሜሉ ጎንበስ ስል ውሃው ላይ ቅባት ያለው ወጥ የመሰለ ነገር ሲያብረቀርቅ አየሁ።

«ሞተር የሚፈታው ሰው መተማ ዮሐንስ ነው ያለው፤ ነገ እናመጣዋለን» አለኝ ፈንታሁን። መካኒኩን ማለቱ ነው። «ቴስታው ከሆነ እኔ አብርሃ ጅራ እሄዳለሁ፤ ከሳሉጎቹ ጋር ሰሊጥ አጭዳለሁ። ብርቱካን ደግሞ ወደ አንቱ ዘንድ ትሂድ።»

ብርቱካን ጀርባዋን ሰጥታ ጆንያ ታስር ነበር። «አብረን መጣን፣ አብረን ነው የምንሄደው» አለች ሳትዞር።

«ምኑን ይዘን?» አላት። የጆንያውን አፍ አጥብቃ አሰረች።

ዳባት ሆኜ ሳስበው ልጄ ስትመለስ ነበር የማየው፤ ባሏ ለብቻው ወደ ሌላ እርሻ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ምሳ የበላሁት ጎረቤታቸው እታገኝ ዘንድ ነው። እታገኝ የሰሊጥ ዘይት ከመጭመቂያው በጀሪካን እያመጣች በየጠርሙሱ ትቸረችራለች። «የብርቱካን እናት መጥታ እኔ ቤት ሳትቀምስ!» ብላ እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ። ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠራች፤ ዘይቱን ከላይ እንደ ማር አንጠባጠበችበት። የማሽላው እንጀራ ለኔ ጥርስ ከበድ ይላል፤ ሽሮው ግን ሽታው ራሱ ያጠግባል። እኛ አገር ዘይት በማንኪያ እየተለካ ነው የሚጨመረው። ማታ ደግሞ የራሷን አጎበር ፈትታ አምጥታ ሰጠችኝ። «እኔን ትንኟ ለምዳኛለች፤ አንቺን ግን እንደ ሠርግ ሥጋ ነው የምትቆጥርሽ» አለችኝ።

ሐሙስ

ከፈንታሁን ጋር መካኒኩን ልናመጣ መተማ ዮሐንስ ሄድን። ከተማው ሙሉ በሙሉ መኪናና ባጃጅ ነው። ትንሽ ድልድይ አለች፤ ወዲያ ማዶ ገላባት፣ ሱዳን። ድንበር ሲባል ግንብ ወይም ተራራ ይመስለኝ ነበር። ሰው ፍየሉን እየነዳ፣ ሽንኩርቱን ተሸክሞ ይሻገራል፤ ከወዲያ ደግሞ በጦርነቱ ቤታቸውን የተዉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። አንዷ አጠገቤ ቆማ ልጇን በነጠላዋ ጫፍ ስታራግብ አየኋት። ቋንቋዋን አላውቅም፤ እኔም በነጠላዬ አራገብኩለት። ሁለታችንም ሳቅን።

መካኒኩ ሙሳ ይባላል። ገዳሪፍ ያደገ፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሲናገር ሰው እንዲሰማው የሚወድ ሰው ነው። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፉል በዳቦ ይበላ ነበር። ሳንበላ መነጋገር አይሆንም አለ፤ በላን።

«በል ንገረኝ» አለ ለፈንታሁን።

«ውሃው ውስጥ ዘይት ገባ።»

«ምን ዘይት?»

«ዘይት ነዋ! ዘይት ዘይት ነው።»

«አንተ ፈንታሁን፣ ዘይት ብዙ ነው። ጥቁር ነው ቢጫ?»

ፈንታሁን አየኝ። ወፍጮ ቤቱ ጨለማ ነው፤ በርሜሉም ውስጡ ዝጓል። ለመካኒኩ በስልክ ሲናገሩ፣ ለዕቃ ሻጩ ሲናገሩ፣ ለኔም ሲነግሩኝ «ዘይት» ብለው ነበር። ሁላችንም የሞተሩን ዘይት ነው ያሰብነው። ምን ዘይት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«ቢጫ ይመስለኛል» አልኩ። «ጸሐይ ግን አልነበረም።»

«ሐጃ፣ አንቱ ይህን ካዩ ይምጡ አብረን እንየው» አለኝ።

«ሐጃ አይደለሁም፤ ክርስቲያን ነኝ።»

«በዚህ ሙቀት ልጇን ብላ ከዳባት እዚህ የመጣች ሐጃ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?»

በባጃጅ ስንመለስ ሙሳ በመንገዱ ሁሉ ሲፎክር ነበር። ቴስታ ከሆነ በድምፁ አውቀዋለሁ፣ በሽታው አውቀዋለሁ እያለ። እዚያ ሲደርስ ግን ፉከራውን ትቶ እጁን ታጠበ። የሠፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ እታገኝም መጣች። የስልኩን መብራት እንድይዝለት ሰጠኝና ሥራውን ጀመረ።

በመጀመሪያ ከሞተሩ ጎን አንድ ቀጭን ዘንግ መዘዘ። የሞተሩን ዘይት የሚለኩበት ነው። ጫፉ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። «የናፍጣ ሞተር ዘይቱን ወዲያው ነው የሚያጠቁረው» አለ። «ውሃ ቢገባበት ኖሮ ይነጣ ነበር። ጨምረህበታል?»

«አልጨመርኩም» አለ ፈንታሁን።

«ልኩ ላይ ነው። ከዚህ ካልጎደለ እዚያ ያለው ከየት መጣ?»

ነጭ ሳህን አስመጣና ከበርሜሉ ላይ ላዩን ቀዳ። ደጅ ወጥተን በጸሐይ አየነው። የተንሳፈፈው ቢጫ ነው፤ ንጹሕ፣ የሚያሳይ። «የሞተሩማ ጥቁር ነው» አለ ሙሳ። ብርቱካን ሳቅ አለች።

ቀጥሎ የታችኛውን ቱቦ ፈታ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ቱቦው በነጭ ወፍራም ነገር ተደፍኗል። ሙሳ በጣቱ አወጣና አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። «ይኼ ደስ አይልም» አለ በለሆሳስ። «ዘይትና ውሃ ሞተር ውስጥ አብረው ሲመቱ እንዲህ ነው የሚነጡት። የጎንደሩም ሰው ይኼን ጠርጥሮ ነው ጓርኒሲዮን ያላችሁ።»

ብርቱካን ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነገር ካልዳሰስኩ አይገባኝም። ሙሳ ጥቂት መዳፌ ላይ አደረገልኝ። በጣቶቼ መካከል አሸሁት። ቅባት አለው። ስለያየው ግን እንደ ቅቤ አልተቆረጠም፤ ተሳበ።

«ይኼማ ሊጥ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ሊጥ! ዱቄት ነው። ትንሽም ኮምጥጧል።»

ሙሳ አፍንጫው አጠገብ አመጣው። አንዴ አሸተተ፣ ደገመ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ወራጁ፣ ግድግዳው፣ የሸረሪት ድሩ፣ የኛ ሽፋሽፍት ሳይቀር ዱቄት ነው። በርሜሉም ክዳን የለው። «ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። «ስንት ሞተር ፈትቻለሁ፤ ያቦካ ሞተር ግን ዛሬ ነው ያየሁት!»

ሞተሩ የጋለው ሊጡ ቱቦውን ዘግቶበት ነው፤ ይኼ ገባን። ዘይቱ ግን ከየት እንደመጣ ገና አልታወቀም። ሙሳ ቱቦውን በሽቦ ጠረገና ንጹሕ ውሃ አስሞልቶ ሞተሩን አስነሣ። የላይኛው ቱቦ አፍ ላይ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። «ዝም በሉ» አለ። ጓርኒሲዮኑ የተቀደደ ወይም ቴስታው የተሰነጠቀ እንደሆነ የእሳቱ ጭስ ወደ ውሃው ገብቶ አረፋው አያቆምም። የብርቱካን እጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘ። ቡልቅ አለ፤ ዘግየት ብሎ አንድ ጊዜ ደገመ፤ ቆመ። ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነበር።

የጭስ ማውጫው ብረት ሲግል ሙሳ ከሞተሩ ዘይት ጠብታ ጣለበት። የተነሣው ጭስ ጉሮሮ ይቆርጣል፤ ሁላችንም አስነጠስን። ከዚያ ከሳህኑ ላይ ቢጫውን በጣቱ ነክቶ ጣለ። ቸስ አለ።

ሸተተኝ። የትናንቱ ሽሮ ነው።

ሁሉም አፍንጫውን ቀስሮ እርስ በርሱ ተያየ። ከመካከላችን እታገኝ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! የኔ ዘይት ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ውሎ የበርሜሉ ውሃ ይሞቃል። የዘይት ጀሪካን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ አይጠራም። እታገኝ ባዶ ጀሪካኗን በርሜሉ ውስጥ ነክራ ትሞላለች፣ ታንቀጫቅጫለች፣ ደጅ ወስዳ ትደፋለች። ሌሎቹም ሴቶች ያዩዋታል፤ ይከተላሉ። ስትነክረው ከውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ሲጎድልም በዚያው ጀሪካን እየቀዳች የምትሞላላቸው እሷው ነች።

ፈንታሁን «እኛ እዚህ እንቅልፍ አጥተን...» ሲል ብርቱካን በክርኗ መታችው።

«እኔ እኮ እየረዳኋችሁ መስሎኝ!» አለች እታገኝ፤ ድምጿ ተሰበረ። «ዘይት ሲሉ የሞተር ዘይት ነው ያልኩት። ባውቅ ኖሮ...»

«እኛስ መች አወቅን?» አለቻት ብርቱካን። «ዘይት ብለን አገር ስንጮህ ከርመን።»

እኔም እንድትረጋጋ ብዬ ነገርኳት። ዳባት ወፍጮ ቤት ሄደን ስንመለስ የልጆቻችንን እግር የምናጥበው ከበርሜሉ በቀዳነው ሙቅ ውሃ ነው። የኛ በርሜል ዘይት ያላገኘው ዘይት ስለሌለን ነው። ይህን ስላት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሙሳ ግን አልሳቀም። «ኸላስ፣ አለቀ፣ አትበሉ ገና» አለ። «እባብ ያለበት ጉድጓድ ጊንጥም ይኖርበታል። የሰሊጡ ዘይት ውስጥ የሞተሩም ትንሽ ገብቶ እንደሆን ዛሬ አይለይም። እጠቡት፣ ሙሉት፣ ነገ ሙሉ ቀን ይፍጭ። ማታ መጥቼ አያለሁ።» በኦሞ ደጋግመን አጠብነው። እታገኝ እጅጌዋን ሰብስባ በርሜሉ ውስጥ ግማሽ አካሏ ገብታ ትፈገፍግ ነበር፤ ማንም ሊያወጣት አልቻለም።

ዓርብ

ሞተሩ በማለዳ ተነሣ። ድምፁ ደረቴን መታው። የመጀመሪያው ጆንያ ሲገለበጥ ሳሉጎቹ በጎጃምኛቸው «እሰይ! ዛሬስ ቂጣ ልንበላ ነው» አሉ።

እኔ በርሜሉ አጠገብ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። በየጊዜው ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

«እማዬ፣ እንዲህ ካፈጠጥሽበት ውሃው ራሱ ቅባት ያወጣል!» አለችኝ ብርቱካን ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኻ።

ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ጎንበስ ስል ውሃው ላይ አንድ ነገር ያብረቀርቃል። ማንንም አልጠራሁም። ፈንታሁን ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ አየሁት፤ ብርቱካን ወንፊቱን ይዛ አንድ ነገር ብላው ሳቀ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በቁመታቸው ብቻ። ያን ጊዜ ነው ዳባት ሆኜ የተመኘሁትን ነገር እየለመንኩ እንዳልሆነ የታወቀኝ። እመቤቴን የለመንኳት ውሃው እንዲጠራ ነበር።

ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩበት። የሚያብረቀርቀው ተከፈለ፤ እንደተከፈለም ቀረ። ዘይት ቢሆን ተመልሶ በተያያዘ ነበር። የዱቄት ብናኝ ነው።

ሙሳ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ጸሐይ ሳትገባ መጣ። የኔን እፍ ብሎ የማየት ዘዴ ነገርኩት። «ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀት አይዋሽም» አለኝ። ነጭ ወረቀት ውሃው ላይ አስነክቶ የጭስ ማውጫው አጠገብ አደረቀው። ውሃ ሲደርቅ ምልክት አይተውም፤ ዘይት ግን ወረቀቱን እንደ ላስቲክ አሳላፊ ያደርገዋል። ወረቀቱን ወደ ጸሐይዋ ዘረጋው። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። አንድም ነጥብ የለም። የሞተሩንም ዘይት ለካው፤ ጥቁር፣ ልኩ ላይ።

«አሁን ኸላስ» አለ። «ሞተራችሁ ጤነኛ ነው። የታመመው በርሜሉ ነበር።»

ፈንታሁን ወደ ሞተሩ ሄዶ ትኩሱን ብረት በመዳፉ ነካ፤ ተቃጠለና እጁን አራገፈ፤ እንደገና ነካው። እኔ ይዤው የመጣሁትን ጓርኒሲዮን ብርቱካን ለክፉ ቀን ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ሙሳ ሳይሄድ ከበርሜሉ ጎን ቧንቧ አበጀ፤ ላዩን ደግሞ በቆርቆሮ ከደነው። ጀሪካን መንከር ቀረ፤ የፈለገ ከቧንቧው ይቀዳል። ብርቱካን እታገኝን እጇን ይዛ አመጣቻትና «በይ፣ መጀመሪያ አንቺ» አለቻት። እታገኝ ጀሪካኗን ለመደቀን አፈረች። በኋላ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው ትኩስ ሆኖ ወረደ።

ቅዳሜ

የመመለሻዬ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ገና ሳይነጋ ደጁ በጆንያ ሞልቷል፤ ለቀናት የቆመው ሥራ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ልላት የመጣሁትን ነገር፣ «ነይ እንሂድ» የሚለውን፣ አላልኩትም። አጎበሩን በየማታው እንድትወጥር፣ ውሃ አፍልታ እንድትጠጣ፣ የወፍጮው ቀበቶ ሲዞር ቀሚሷን እንድትሰበስብ ነገርኳት። «እሺ እማዬ፣ እሺ» ትላለች ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ሆኖ።

እኛ አገር እንግዳ፣ ያውም እናት፣ ሳይሸኝ አይሄድም። መኪናው እስኪታጠፍ ቆሞ እጅ ማውለብለብ ወግ ነው። ፈንታሁን ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኖ እየሮጠ ተመለሰ፤ አንድ ጆንያ በግማሽ ተገልብጦ ነበር። ብርቱካን በሩ ላይ ብቅ አለች፤ «እማዬ፣ ቆይ፣ ይኼን ብቻ ልጨርስ» አለች። ከጀርባዋ ሰው «ኧረ ተራዬ ደረሰ!» ብሎ ጮኸ።

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ» አልኳት።

ገባች። ባጃጁ ዞረ። ወደ አስፋልቱ እስክንወጣ ድረስ የሚሸኘኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳወራ ጎረቤቶቼ ያዝኑልኛል። እንዳያዝኑልኝ ነው እስከዚህ የጻፍኩት። ልጄ ልትሸኘኝ ያልወጣችው ሥራ ላይ ስለነበረች ነው።